ኪሴ ውስጥ የከተትኩት ወረቀት

የምትጽፈው ልጄ ሃና ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው።

ሰበታ የድርጅታችንን መኪኖች የማሰማራው እኔ ነኝ። ፊደል ባልቆጥርም የመኪናን ሕመም በሳሉ አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት የአንዱ አይሱዙ መስታወት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አንብቡልኝ ለማለት ኮራሁ። "የመኪና እጥበት ደረሰኝ ነው" ብዬ ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ሹፌሩን ቶሎሳን ወደ ጫንጮ ላክሁት።

መካኒኩ እየሮጠ መጣ። "ኦቦ ገመዳ፣ ፍሬኑ ተጠግኖ ያላለቀው መኪና የት ሄደ? 'አይውጣ' ብዬ ለጥፌበት ነበር እኮ!"

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። የቶሎሳ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። የጫንጮ መንገድ ቁልቁለት ታየኝ፤ የቶሎሳ ልጆች ታዩኝ።

በመጨረሻ ደወለ። "አባባ፣ ፍሬኑ እምቢ ሲለኝ በማርሽ ይዤ አፈር ክምር ውስጥ አስገባሁት። ተርፌያለሁ።"

እናንተስ በኩራት ሰው ልትገድሉ የደረሳችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ ሃና ታነብልኛለች።

በይ ልጄ፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። መጀመሪያ ግን ይህን ወረቀት።