ግማሹ የቀረ ክርክር

ልጅ ሳለሁ ሁሉም ነገር የተበላሸው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ፣ አያቴ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ በተጨበጨበባቸው ጊዜ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አያቴ የኔታ ጥበቡ የሰፈራችን ደብር የትርጓሜ መምህር ነበሩ። ያኔ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ደጁን ሲዘጋው፣ ኩራዙን አጠገባቸው አድርገው፣ በጥንት ዘመን ቦሩ ሜዳ ላይ ስለተደረገው ክርክር ያወሩን ነበር፤ ሊቃውንቱ በንጉሥ ፊት በየወገናቸው ቆመው፣ ክርስቶስ አምላክም ሰውም ሆኖ ሳለ እንዴት አንድ እንደሚሆን እንደተሟገቱ፣ የተረቱትም ምላሳቸው እንደተቆረጠ። ምላሱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ጭስ እንደገባበት ሰው ዓይናቸውን ያብሳሉ።

አንድ ወግ ነበራቸው፣ ከመምህራቸው የወረሱት። መጀመሪያ የተቃራኒውን ወገን ክርክር፣ የራሳቸው እምነት እስኪመስል ድረስ፣ ከባለቤቱ አሳምረው ይናገራሉ። «አምላክ ከሆነ አይሞትም፤ ከሞተ አምላክ አይደለም። የሞተው ሰውነቱ ብቻ ነው ካላችሁም፣ ያዳናችሁ ሰው ነው ማለት ነው።» እኛ ልጆቹ ወደ ፍሙ እንጠጋለን። ያኔ ከፍሙ ውስጥ የጋለውን ብረት መዘዝ አድርገው በድንጋይ ይመቱታል። «ጎበጠ አይደል? የጎበጠው ብረቱ ነው፤ እሳት አይጎብጥም። ግን ብረቱን ከእሳቱ ለይቶ የሚመታ ማነው? የተመታው አንዱ የጋለ ብረት ነው።» መልሱ ይህ ነበር። ብረቱን አስቀድሞ ፍም ውስጥ የሚከተው ተማሪያቸው ዲያቆን ላቀው ነው።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድም የመግሪብ ሶላታቸውን ሰግደው ይመጡ ነበር። «የኔታ፣ እናንተ አንድ ነው ሁለት ነው ስትሉ መሸባችሁ። እኛ አንድ ነው ብለን እራታችንን በላን።»

«ጠግበህ ከሆነማ ምን አመጣህ፣ ሰይዶ?» ይሏቸዋል አያቴ።

የዚያን እሑድ የቀበሌው ካድሬ በስብሰባው መሀል አያቴን አስነሳቸው። «አባት፣ አምላክ ይሞታል?»

«ጥያቄህ ደካማ ነው ልጄ፣ ላጠንክርልህ» አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያም እንደ ወጋቸው የካድሬውን ክርክር ከካድሬው አሳምረው ተናገሩለት። ለመልሱ ትንፋሽ ሲወስዱ ካድሬው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ሰማችሁ ጓዶች፤ መምህሩ ራሳቸው መሰከሩ።» አዳራሹ ፈርቶ አብሮ አጨበጨበ።

የተነሡት ጋሽ ሰይድ ብቻ ነበሩ። «ወላሂ ገና ግማሹን ነው የተናገሩት። አስጨርሷቸው።»

«አንተን ምን አገባህ? ቁጭ በል።»

ዲያቆን ላቀው የፊት ወንበር ላይ ነበር። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል።

ከተማው «የናንተው መምህር ካደ» እያለ ሲሳለቅ የደብሩ ሽማግሌዎች አፈሩ። አያቴን ጠርተው፣ ንግግሩ የማስተማር ወጋቸው ከሆነ ተማሪያቸው ይመስክርላቸው አሉ። ላቀው ተነሥቶ «እንዲያ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለና ተቀመጠ። እውነቱን ነው፣ ሰምቷል። አያቴ ከማስተማር ታገዱ፤ ወንበራቸውን ላቀው ወረሰው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ብረት እሳት አልገባም። አያቴም ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ካስተማሯቸው ሁሉ ለቀብራቸው ብቅ ያለ አልነበረም፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ቦሩ ሜዳ ላይ ምላስ ለመቁረጥ ቢላዋ አስፈልጎ ነበር። እኛ ሰፈር ጭብጨባና ዝምታ በቂ ነበር።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ስማር፣ መምህራችን የባላጋራን ክርክር አጠንክሮ ማቅረብ የአዋቂ ጨዋነት ነው አለን። ሌላው ይጽፋል፤ እኔ ደብተሬን አጠፍኩ።

መሪጌታ ላቀው፣ እርስዎ ዛሬ ኮምቦልቻ ተከብረው ይኖራሉ። ቤትዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ «ያለፈ ነገር ነው ልጄ» ብለው ሸኙኝ። እንግዲህ በአያቴ ወግ ልጀምርልዎ። ወጣት ነበሩ። ሰው በአንድ ቃል ከቤቱ ተወስዶ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። የእርስዎን እጅ የሚጠብቁ እናት ነበሩዎት። ቢናገሩም አዳራሹ አይሰማዎትም ነበር፤ ለሽማግሌዎቹም የሰጡት ቃል ሐሰት የለበትም። ይኸው ክርክርዎን እርስዎ ከሚያቀርቡት አሳምሬ አቅርቤልዎታለሁ፤ አቋርጦ የሚያጨበጭብብዎ የለም። ብረቱን እሳት ውስጥ የሚከቱት እርስዎ ነበሩ፤ ቀሪውን ግማሽ ያውቁት ነበር። ለምን ዝም አሉ? ይመልሱልኝ።