ስድስት ዳቦ ወደ ሞጣ

ይርጋነሽ መንገድን የምትለካው በዳቦ ነበር። ብቸና ገበያ ዳር ለመንገደኛ ስንቅ እያዘጋጀች ስትሸጥ ሃያ ዓመት ሆኗታል። ደብረ ወርቅ ለሚያድር ሁለት ዳቦ፣ ሞጣ ለሚዘልቅ ስድስት፤ ሦስት ቀን ነውና። እሷ የቋጠረችው ስንቅ መንገድ ላይ ያለቀበት ሰው የለም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳዎቹ መጨረሻ፣ በጥቅምት፣ በቅሎዋ አነከሰችባት፤ እስክትድን ስትጠብቅ የሞጣ ሦስት ቀን አለፈባት። ሞጣ ያለችው አብሮ አደጓ ሀብትነሽ ደግሞ ልጇ ሰማንያ ቀን ሞልቷት በማግስቱ ጠዋት ልታስጠምቅ ነው፤ ክርስትና እናት የተባለችው ይርጋነሽ ናት። ካልደረሰች ሕፃኗን ሌላ ሴት ልትታቀፋት ነው።

"በአውሮፕላን ይሂዱ እንጂ፣ እትዬ ይርጋነሽ" አላት የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ከሊፋ። "እኔም ዛሬ የምመለሰው በሱ ነው።"

ስድስት ዳቦዋን በስልቻ ይዛ ተሳፈረች። አውሮፕላኑ ሲነሣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው ጉድ አየች። ስንት ዓመት እያለከለከች የወጣችው ገደል እንደተጣለ ነጠላ ተጣጥፎ ተኝቷል።

"ከሊፋ! ደመናው እኮ ከእግራችን ሥር ነው!"

"ታዲያ እንዳይረግጡት" አለ ከሊፋ።

ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፤ ከብት እየተባረረ ከተለቀቀለት ሜዳ ላይ አረፈ። ሰው ሲወርድ ይርጋነሽ ለምሳ ያረፉ መስሏት ስልቻዋን ፈታች።

"ይነሡ፣ ደርሰናል።"

"የት?"

"ሞጣ።"

"ሂድ ወዲያ! ጨርቅ ስትለካም ታሳጥራለህ፣ አሁን ደግሞ መንገድ? ገና አንድ ዳቦ አልተቆረሰም እኮ!"

"ሃያ ደቂቃ ነው የበረርነው፤ ሰዓቴን ይዩ።"

"ሰዓትህ ቆሞ ይሆናል።"

"እማማ፣ በሩ ሊዘጋ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ልንነሣ ነው" አለ አስተናጋጁ።

ዘላ ተነሣች። ከበሩ ቆማ ከብት ወደሚያባርረው ሰውዬ ጮኸች።

"አያ! ይህ የማን አገር ነው?"

"ሞጣ ነዋ!"

"ሞጣ ከሆነ ጊዮርጊስን አሳየኝ!"

ሰውዬው በዱላው ጠቆመ። ከዛፎቹ መካከል ሁልጊዜ በሦስተኛው ቀን፣ በደከመ ዓይን የምታየው የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ብቅ ብሏል። ሦስት ጊዜ አማተበችና ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ስልቻውን ረስታው ኖሮ ከሊፋ ተሸክሞ ተከተላት።

ሀብትነሽ እንደ ወጉ ለብ ያለ ውኃ አቅርባ እግሯን ልታጥብ አጎነበሰች። ከዚያም ቀና አለች።

"አንቺ፣ እግርሽ አቧራ የለውም! መቼ ተነሣሽ?"

"ዛሬ፣ ከቁርስ በኋላ።"

ሀብትነሽ ትኩሳት ይዟት እንደሆነ ብላ የይርጋነሽን ግንባር ዳሰሰች። ግን እግሯን አጠበችው፤ የመንገደኛ እግር ሳይታጠብ አይታደርም።

በማግስቱ ሕፃኗን ይርጋነሽ ታቀፈች። ስድስቱም ዳቦ ለክርስትናው ድግስ ተቆረሰ።

ከዚያ ወዲህ ለሞጣ ስንቅ የሚጠይቃትን ሁሉ "በምድር ነው በሰማይ?" ትለዋለች። በሰማይ ካለ አንድ እፍኝ ቆሎ ትሰፍርለትና፣

"ቶሎ ቶሎ ቆርጥም፤ ሳትጨርሰው ትደርሳለህ" ትለዋለች።