መርፌ የጠየቀው ጂኒ

«የሊሙ ቡና ቀላ፣ ደረሰ ለቀማ…»

ባህሪያ ከዚህ በላይ አይመጣላትም። ድሮ በሊሙ ገነት ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች በዜማ የምትመራው እሷ ነበረች። የመፈልፈያው ማሽን ቀበቶ ቀኝ እጇን ከወሰደው ወዲህ ግን ሁለተኛው ስንኝ አብሮ የሄደ ይመስል ጠፋባት።

እጁ ሄዶ ሕመሙ ቀረ። የሌሉት ጣቶቿ በእሳት ይለበለባሉ። ከጦር ግንባር የተመለሰው የቁስለኛ አካሚ፣ ድሬሰር አብተው፣ አዝኖላት ለጥቂት ጊዜ የማስታገሻ መርፌ ወጋት፤ እፎይ አለች። መርፌው ሲቆም ማዛጋት መጣ፤ እንባው፣ መንቀጥቀጡ፣ የገላዋ ፀጉር መቆም ተከተለ። በዚያ አገር እንዲህ የምታዛጋ ሴት ምን እንደያዛት ለማወቅ አዋቂ አያስፈልግም። ታላቅ እህቷ ፈድሊያ ጂኒ የሚያናግሩትን አባቦራን ጠራች። ሽማግሌው ዱዓ አድርገው እንደ ደንቡ ያደረባትን እንግዳ «ምን ትፈልጋለህ?» አሉት። ከባህሪያ አፍ «መርፌ» የሚል ቃል ወጣ።

ጂኒ የጠየቀውን አይከለከልም። አንዱ ቀይ ዶሮ ይላል፣ ሌላው ሽቶ፤ ይኼኛው በደርግ ዘመን የመጣ ነውና ሠልጥኗል ተብሎ ተሳቀ። አብተው ተጠርቶ ወጋት፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚህ ወዲያ ማን ይጠራጠር? እንግዳው በመጣ ቁጥር መርፌው ይሰጠዋል፣ ይሄዳል። ሕመሙ ግን እንደመቀነስ ይብስ ጀመር።

በሰባ ስምንት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አብተው ራሱ ነገሩ አላማረውም። ቡና በጫነ መኪና ጅማ ይዟት ሄደ። ሰናይት የምትባል ወጣት ሐኪም አየቻት። ጭንቅላት ውስጥ መድኃኒቱ የሚያርፍባቸው ማረፊያዎች እንዳሉ፣ ጭንቅላት ራሱም ለእነሱ የሚሆን ማስታገሻ እንደሚሠራ፣ መርፌው ሲደጋገምበት ግን ሥራ እንደሚፈታ ነገረቻት።

«ማረፊያዎቹ ባዶ ሲሆኑ ነው የሚያንቀጠቅጥሽ» አለች። «ደግሞ ቁስል እንደሚቆጣ ሁሉ አንጎልሽ ውስጥም የተቆጣ ነገር ያለ ይመስለኛል። ይኼ የኔ ጥርጣሬ ነው፤ ገና ተጠንቶ አላለቀም። መርፌው ለጊዜው ያስተኛዋል፣ መልሶ ደግሞ ይቀሰቅሰዋል።»

ባህሪያም፣ «እንግዲያው ስጠይቅ የኖርኩት እኔው ነኛ» አለች። «ከሆነስ እኔው እከለክላለሁ።»

ሊሙ ገነት ስትመለስ መንቀጥቀጡ ጠበቃት፤ አጥንቷ ውስጥ ውርጭ ገባ። ፈድሊያ መቻል አቅቷት አባቦራን አስጠራች፤ ቀይ ዶሮም ገዝታ አልጋው ሥር አሰረች። አብተውም አንጀቱ አልችል ብሎ የመርፌ ሣጥኑን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሽማግሌው የለመዱትን ጠየቁ፤ «ምን ትፈልጋለህ?»

ባህሪያ በአንድ ክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«አባቴ፣ የሚጠይቁት እንግዳ እዚህ የለም። እኔ ባህሪያ ነኝ። መርፌውን እፈልገዋለሁ፣ ገላዬ እየጮኸለት ነው። እንዳትሰጡኝ።»

«ማሎ ባህሪያ፣ እባክሽ፣ ትሞችብኛለሽ» አለች እህቷ።

«ብሞትም በራሴ ስም ልሙት፣ እትዬ።»

አባቦራ መቁጠሪያቸውን ሰበሰቡ። «አብተው፣ ሣጥንህን ይዘህ ውጣልን» አሉ። «ጂኒ ሳናግር ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ የመለሰልኝ የለም።»

ቀናት አለፉ። ከሊሙ ኮረብታ ጉም እንደሚገፈፍ መንቀጥቀጡ ቀስ እያለ ተገፈፈላት። የሌሉት ጣቶች አሁንም ይለበልቧታል፤ ይሁን እንጂ በሌሊት አያስጮኋትም። አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ አልጋው ሥር የምትጭረውን ዶሮ አየችና ራባት።

«የጂኒውን ዶሮ እረዱልኝ፤ የኔ ድርሻ ናት» አለች።

ጎረቤት ተጠራ፣ ገበታው ቀረበ። እጇን ካጣች ወዲህ ገበታ ቀርባ አታውቅም፤ ፈድሊያ ጓዳ ውስጥ ታጎርሳት ነበር፤ በግራ እጅ ከሰው ጋር መብላት ነውር ነዋ። ፈድሊያ ዛሬም ልታጎርሳት ጓዳ ገብታ ጠበቀቻት። ባህሪያ ግን እያንጎራጎረች ወደ ሰው ወጣች፤ የጠፋው ስንኝ ይሁን አዲስ፣ ከአፏ ወጣ፤

«የሊሙ ቡና ቀላ፣ ደረሰ ለቀማ፤
ባንድ እጅ ይለቀማል፣ ጠላቴም ይስማ።»

አባቦራ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች፤ «ቢስሚላህ» ብላ ግራ እጇን ወደ ገበታው ሰደደች።