ሃምሳ አምስቷ ሸቭሮሌት

ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሥራው የወንድ ነው የሚለኝ ሰው ድሮ አይጠፋም ነበር። አሁን የባጃጅ ፍሬን ሸራ የሚፈልገውም፣ የአይሱዙ ፊልትሮ የሚፈልገውም የሚመጣው ወደ እኔ ስለሆነ ሁሉም አፉን ይዟል። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሞዴሏ የስንት ነው?» ብዬ ነው። ይህን የማያውቅ ሹፌር ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። በየቀኑ የሚነዳትን መኪና ሞዴል የማያውቅ ሰው የልጁን ዕድሜ ቢጠይቁትም የሚያውቅ አይመስለኝም። ይህን ስል የኖርሁት እኔው ነኝ እንግዲህ፣ የአባቴን መኪና ሞዴል ለማወቅ አሳሬን ያየሁት።

አባቴ ሹፌር ነበር። እናቴ እኔን እርጉዝ ሳለች ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና አልጋ ላይ በዋለ በሳምንቱ ሞተ። ስለዚህ የማውቀው በወሬ ነው። እናቴ ደግሞ ስለ እሱ ስታወራ ከመኪናዋ ለይታው አታውቅም። የከተማችን አንድ ነጋዴ ያስመጣት አሜሪካን ሠራሽ ፒክ አፕ ነበረች፤ እህል ጭና ወደ ወረታ፣ በበጋ ደግሞ እስከ ገሳይ ትመላለስ ነበር። ሸቭሮሌት መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ አገሬው የሚጠራት ግን «ሃምሳ አምስቷ» እያለ ነው። ሃምሳ አምስቷ መጣች፣ ሃምሳ አምስቷን ጭቃ ያዛት ይባላል። አባቴም የሃምሳ አምስቷ ሹፌር ነበር፤ እኔም የሃምሳ አምስቷ ሹፌር ልጅ እየተባልሁ አደግሁ።

ከእሱ የቀረን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። የነጋዴው ሚስት ባሏ ሞቶባት ከተማውን ለቃ ስትሄድ ዕቃዋን ስታራግፍ አገኘችውና ለእናቴ «ያንችው ነው» ብላ ሰጠቻት። ፎቶው ላይ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው አንድ እግሩን ከመኪና የፊት መከላከያ፣ ከፓራውልቷ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን ከኮፈኑ ላይ ጭኖ ቆሟል። ፀሐይዋ ከላይ ስለሆነች የኮፍያው ጥላ ፊቱን ከአገጩ በላይ ውጦታል። ከመኪናዋ የሚታየው አንድ የፊት መብራት፣ የኮፈኑ ግማሽና የፊት መስታወቷ ማዕዘን ነው። እናቴ ፍሬም አሠርታ ከበሩ ትይዩ ሰቅላዋለች። ወጥታ ስትገባ ታየዋለች፤ ፆም ስትይዝ እንኳ ለእሱ ትነግረዋለች።

ነገሩ የተነሣው መቃብሩን ልናሠራ ስንነሣ ነው። ደብሩ የመቃብር ቦታውን መልክ ሊያስይዝ ፈልጎ ነበርና፣ ዘመድ ያለው ሁሉ የዘመዱን መቃብር እንዲያሠራ በዐውደ ምሕረት ተነገረ። እናቴ ይህን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው ስለኖረች የሰርግ ያህል ነው የተነሣሣችው። እብነ በረድ ላይ ፎቶ የሚያትም ልጅ ከባሕር ዳር አገኘን። አጎቴን፣ የአባቴን ታናሽ ወንድም፣ ለምክር ጠራናቸውና ፍሬሙን አውርደን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው።

አጎቴ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሻያቸውን ገፋ አድርገው እናቴን «እትየ፣ ሆድዎ እንዳይባባ ብየ እስከዛሬ ዝም ብያለሁ፤ በመቃብሩ ላይ ከመጣ ግን ዝም አልልም። ይኸ ወንድሜ አይደለም» አሏት።

«ምን አልህ?»

«ወንድሜ ካረፈ በኋላ ነጋዴው ሃምሳ አምስቷን ሸጦ ሌላ ሸቭሮሌት አስመጣ። አዲስ፣ ወንበሯ ላይ ላስቲኩ ሳይነሣ ነው የመጣች። ለሷም የጋይንት ሰው ቀጠረ። ይኸ ያ ሰውየ ነው፤ መኪናዋም ያች ናት። በወንድሜ ራስ ላይ የባዕድ ፎቶ አስለጥፌ እኔ በምን ፊቴ እዚያ ደጅ እቆማለሁ?»

«ባሌን አላውቀውም ልትለኝ ነው?»

«ፊቱ የት አለ? ያሳዩኝና እኔም ልወቀው።»

እውነት ነው፤ ፎቶው ላይ ፊት የለማ! እኔ ግን አጎቴ ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ በር ሲገቡ ሲወጡ ኖረው፣ እናቴ አርጅታ ልቧ ሲሳሳ ነው የሚናገሩት? ቢሆንም ነገሩን ወደ እኔ ሙያ አምጥተውታል። ሰውየው በፊቱ ካልታወቀ በመኪናው ይታወቃል። መኪናዋ ሃምሳ አምስቷ ከሆነች አባቴ ነው፤ ኋላ የመጣችው ከሆነች ሌላ ሰው ነው። ፍሬሙን ይዤ ሱቄ ሄድሁ።

ችግሩ እኔ የማውቀው አይሱዙና ቶዮታ መሆኑ ነው። እነዚያ የድሮ አሜሪካኖች እኔ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ቆርቆሯቸው ተቆርጦ በርና መስኮት ሆኗል። መናኸሪያ የሚውሉትን ሽማግሌ ሹፌሮች ጠየቅሁ። አንዱ ፎርድ ናት አለኝ። አንዱ ዶጅ ለመሆኗ በማርያም ማለ። ሦስተኛው ፎቶውን ዘቅዝቆ ይዞ ሰውየውን አውቀዋለሁ አለኝ። እኔም ፍሬሙን ከእጁ ነጥቄ ተመለስሁ።

ከእኔ ሱቅ አጠገብ ባለው ኮንቴይነር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምትሸጥ ልጅ አለች። ከፋርጣ ገጠር ወጥታ ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት። ፍሬሙን ባንኮኒዬ ላይ ስታየው «እትየ፣ የዚችን እኅት እኮ አጥቤያታለሁ» አለችኝ። የቀልድ መስሎኝ ልቆጣት ስል ነገሩን አስረዳችኝ። የአሠሪዋ ልጅ የድሮ የአሜሪካ መኪና የሚሰበስብ ሰው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሽፋናቸውን አንሥታ በለስላሳ ጨርቅ የምትወለውላቸው እሷ ናት፤ ዓርብ እሱና መሰሎቹ መኪኖቻቸውን ይዘው ወጥተው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ሞዴሏ የስንት ነው?» አልኋት በልማዴ።

«እሱን እንጃ። እኔ የማውቀው ጨርቁ የት የት እንደሚይዝ ነው። ግን ለሚያውቁት ላሳይልዎ።»

ስልኳ ላይ የድሮ መኪና ወዳጆች የሚገናኙበት ቡድን አላት። ከተመለሰች ወዲህም አልወጣችበትም፤ መኪኖቹ ይናፍቁኛል ትላለች፣ አሠሪዎቿ ግን ቅንጣት ታህል አይናፍቋትም። ፎቶውን አንሥታ ለቀቀችው። ከሥሩ «ይህች የ1955 ሸቭሮሌት ናት?» ብላ በዐረብኛ ጻፈች፤ እኔም ከእሷ በታች ያንኑ በእንግሊዝኛ ጨመርሁበት። ኔትወርክ እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግረን ዋለና ወደ ማታው ላይ መልሱ ይግተለተል ጀመር።

ሰዎቹ ሥራ የላቸውም እንዴ አልሁ መጀመሪያ። ከዚያ ግን ወደድኋቸው፤ እንደ እኔ ያሉ ጨቅጫቃዎች ናቸው። አንዱ የፊት መስታወቷ ወደ ጎን ስለሚጠመዘዝ ከስልሳ አራት ወዲህ አትሆንም ይላል። ሌላው ደግሞ የስልሳና የስልሳ አንድ ቢሆን ኖሮ በየጎኑ ሁለት ሁለት መብራት፣ ኮፈኗም ላይ ትልልቅ አፍንጫ መሳይ ነገር ይኖራት ነበር ይላል። አንድ አሜሪካ የሚኖሩ ሽማግሌ፣ አባታቸው እርሻ ላይ እንዲህ ያለች እንደነበረቻቸው ጽፈው፣ «ስልሳ ሁለት ወይም ስልሳ ሦስት ናት፤ የሚለያቸው አየር የሚገባበት የፊቷ ወንፊት ነው፤ እሱን ደግሞ የሰውየው እግር ጋርዶታል» አሉ። ሃምሳ አምስት ያለ አንድም ሰው የለም። ጭራሽ አንዱ እንዳስተያይ ብሎ የእውነተኛዋን የሃምሳ አምስት ሞዴል ፎቶ አመጣ። ጎማውን የሚከልለው ፓራፋንጎዋ ከኮፈኗ ተለይቶ ጉንጭ እንደሞላው ሰው ያበጠ ነው። እኛ ፎቶ ላይ ካለችው ጋር ምናቸውም አይገናኝ።

እንግዲህ አጎቴ ልክ ናቸው ማለት ነው። መኪናዋ ከሃምሳ አምስት በብዙ ዓመት ትዘገያለች፤ ኋላ የመጣችው ናት። ዕቃ ሻጭ በመሆኔ መልሱ ጥርት ብሎ መገኘቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያን ሰሞን ሱቄ የረገጠውን ባለ ባጃጅ ሁሉ ስቆጣ ሰነበትሁ።

ለእናቴ ነገርኋት። ብዋሻት ደስ ባለኝ፤ ግን ለመቃብር የሚሆን ነገር ላይ መዋሸት ከበደኝ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «እንግዲያ ይኸ ሰው የሌላ ሴት ባል ነው» አለች።

«እሱማ ነው እንግዲህ፣ እማየ።»

«እኔ ቤት ምን ይሠራል ታዲያ? አገሩ ጋይንት ነው አላለም አጎትሽ? አፈላልጊና ለልጆቹ ስጫቸው። እነሱም እኮ እንደኛው ፎቶ የላቸው ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶው አላነሣችም። በሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ፍሬሙ የነበረበት ቦታ ጭስ ስላልነካው ነጥቶ ቀርቷል። እናቴ ከውጭ ስትገባ ከልማዷ ቀና ትልና መልሳ ታጎነብሳለች። ፍሬሙን ባንኮኒዬ ሥር አስቀምጬ ጋይንት የሚሄድ ሰው እስካገኝ እጠብቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጅቱ ስልኳን ይዛ መጣች። የአሜሪካው ሽማግሌ ፎቶው መቼ የተነሣ እንደሆነ ጠይቀዋል።

«እኔ በምን ላውቅ? ሃምሳ አምስቷ እንዳልሆነች ነግረውናል፤ ሌላ ምን ቀራቸው?» አልኋት። ፊቴን እንኳ ከዕቃው አላነሣሁም።

ልጅቱ ግን አልሄደችም። «እትየ፣ ይኸ ሃምሳ አምስት የሚሉት ግን በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«የመኪና ሞዴል በእኛ የሚቆጠረው የት አገር ነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። እኔ ኩዌት እንደገባሁ እመቤቴ የተወለድሁበትን ዓመት ስትጠይቀኝ በእኛው ነግሬያት ባንድ ጊዜ ስምንት ዓመት አስረጅታኝ ነበር። በዚህ ዕድሜሽ ቆዳሽ አምሮ የቀረው በምንድን ነው እያለች ሰው ሁሉ እየጠራች ታሳየኝ ነበር።»

እጄ ላይ የነበረውን ሻማ አስቀመጥሁት። የሞተር ሻማ ነው፤ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ይሰበር ነበር። ሱቁን ለእሷ ትቼ በእግሬ እየተንደረደርሁ ቤት ደረስሁ። እናቴ ደጅ ላይ ገብስ ታበጥራለች።

«እማየ፣ ሃምሳ አምስቷ ለምንድን ነው ሃምሳ አምስት የተባለች?»

«በሃምሳ አምስት ስለመጣች ነዋ! በጥምቀት ማግሥት። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ገና ሳይበተን በዋናው መንገድ ገባች። ሰዉ እልል አለላት። ሌላ ለምን ትባል ኖሯል?»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቷን ነው። ማንም አልጠየቃትም። እኔ ሰው ሁሉ በሞዴል የሚጠራ መስሎኝ ነበር፤ አገሬው ግን የመኪና ወረቀት አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው የመጣችበትን ዓመት ነው፤ ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲሠራ፣ ከብት ሲገዛ እንደሚለው ሁሉ በራሱ አቆጣጠር ሃምሳ አምስት አላት። የኛ የሃምሳ አምስት ጥምቀት ደግሞ በፈረንጆቹ ስልሳ ሦስት የገባበት ነው። ሽማግሌው ያሉት እሱኑ ነበር። ለማረጋገጥ ያህል፣ አባቴ ሃምሳ አምስቷን ጥቂት ዓመታት ነድቶ ከሞተ በኋላ አዲስ ሆና ልትመጣ የምትችለው ሸቭሮሌት ምን እንደምትመስል ቡድኑን ጠየቅን። የላኩልን ጠፍጣፋ፣ መስታወቷ ወደ ጎን የማይጠመዘዝ፣ ሌላ መኪና ናት።

አጎቴን አስጠራኋቸውና ፎቶዎቹን በስልክ ላይ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ነገሬ ይክፋ ይልማ እንጃ፤ ተዘጋጅቼ የጠበቅኋቸው ልጣላቸው ነበር። እሳቸው ግን አልተከራከሩም። ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰውየውን በአውራ ጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩ።

«እንግዲያ እሱ ነው» አሉ። «እኔ እኮ መልኩ ከጠፋብኝ ቆይቷል፣ ልጄ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ። ይኸን ባየሁት ቁጥር አላውቀው ስል፣ ወንድሜን ረሳሁት ከምል ሌላ ሰው ነው ብየ ቁጭ አልሁ።»

ቁጣዬ እዚያው በረደ። እኔም ብሆን ያን ሁሉ ቀን ሳይ የከረምሁት መብራቷንና መስታወቷን ነው። አባቴን፣ አባቴ ነው ብዬ አምኜ ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። እጁ የእኔን ይመስላል፤ አውራ ጣቱ አጠር ያለ ነው።

ከባሕር ዳር የመጣው ልጅ ፎቶውን ተቀብሎ አየውና «መቃብር ላይ መኪና አያምርም፤ ሰውየውን ብቻ ቆርጬ ላውጣው?» አለ። አጎቴ እሺ ሊሉ ነበር።

«ተው!» አለች እናቴ። «ፊቱ በማይታይ ሰው መቃብር ላይ፣ እሷን ከቆረጥሃት እሱ መሆኑን ማን ይመሰክርልኛል?»

ልጁ ከነመኪናዋ አተመው። የሙት ዓመቱ ዕለት እናቴ ድንጋዩን ልትሳለም ጎንበስ ስትል ከኋላዋ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ባሏን ሳመች፤ ቀጥላ የመኪናዋን መብራት።