የፍቅሬን ፔዳል ማን ይርገጠው?

ፍቅሬ ጊታር ሲጫወት ተመልካች አያይም፤ የሚያየው እግሩን ነው። እግሩ ስር አንድ ጣውላ አለ፤ ጣውላው ላይ በእግር የሚረገጡ ትናንሽ የብረት ሳጥኖች ተደርድረዋል። ፔዳል ይባላሉ። አንዱ የጊታሩን ድምፅ ያሻክረዋል፣ አንዱ እንደ ገደል ማሚቶ ያስተጋባዋል፣ አንዱ ያስለቅሰዋል። የቀሩት ምን እንደሚሠሩ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላው ተቀምጬ ድራም ስመታ ኖሬም አልገባኝም። እሱ ግን በየትኛው ዘፈን የትኛው ስንኝ ላይ የትኛው እንደሚረገጥ በቃሉ ያውቃል። የሮክ ሰው ግማሽ ጨዋታው በእጁ፣ ግማሹ በእግሩ ነው ይላል፤ ይህን ከማያምን ሰው ጋር ሻይም አይጠጣም።

ተወልዶ ያደገው እዚሁ ኮልፌ ነው። እንጀራው አናጢነት ነው፤ አጠና ተራ አጠገብ ባለች የእንጨት ሥራ ቤት አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል። እኔ ቀጄላ ደግሞ በአዘቦት ቀን ከዓለም ባንክ ጦር ኃይሎች ሚኒባስ እነዳለሁ። ናዝራዊት ትዘፍናለች፣ ቤዝ ጊታሩንም የያዘችው እሷው ናት። ሦስታችን የሠራናቸው የራሳችን የሮክ ዘፈኖች አሉን። ሰሚ ስለማይገኝላቸው ግን ሠርግ እንጫወታለን፤ ሠርግ ላይ ሮክ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

የፔዳሎቹ እናት ሃፊዛ ናት። አባቷ ጋሽ ሽኩር የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ሐኪም ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ሱቁን እሷ ያዘችው። ከፍቅሬ ጋር ጎረቤት ሆነው ነው ያደጉት፣ እንደነሱ የሚነታረኩ ወንድምና እህት አላየሁም። ከፔዳሎቹ ግማሹን በገዛ እጇ በይዳ ሠርታለታለች፣ የቀሩትንም ሲበላሹ ትጠግናለች። የምንለማመደው ከሱቋ ጀርባ ባለው መጋዘን ስለሆነ ዘፈኖቻችንን ከእኛ እኩል ታውቃቸዋለች። አዛን ሲል እናቆማለን፤ እሷ ሰግዳ ስትመለስ በሩን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ፍቅሬ መሳሳት ጀመረ። ማሻከር ሲገባው ያስተጋባል፤ ፔዳል ረገጥኩ ብሎ ባዶ ጣውላ ይረግጣል፤ አንዳንዴም ሁለቱን ባንድ ላይ ጨፍልቆ ጊታሩን ያስጮኸዋል። ናዝራዊት ለስላሳ ዘፈን በጀመረች ቁጥር በስጋት ዞር እያለች ታየው ነበር። እኔ በበኩሌ ደሜ ይፈላ ነበር። ብንነግረው አልሰማ አለ፣ ብንቆጣው ባሰበት።

አንድ ቀን ሃፊዛ መላ አመጣች። ፔዳሎቹ ከመድረኩ ጎን ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ፣ ረጅም ገመድ እዘረጋለሁ፣ እኔ በእጄ እጫናቸዋለሁ፣ አንተ መጫወት ብቻ ነው አለችው። ትልልቆቹ የውጭ ባንዶች ከመድረክ ጀርባ እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንዳላቸው በቪዲዮ አይታለች።

ፍቅሬ ሐሳቡን ያመጣችውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ቀጄላ፣ አንተ መሪውን ይዘህ ፍሬንና ፍሪሲዮኑን ሌላ ሰው ቢረግጥልህ ትነዳለህ?"

"አልነዳም" አልኩ። ምን ልበል? እንኳን ፍሬኔን፣ ጡሩምባዬን ሰው ሲነካብኝ አልወድም።

"በቃ። የሚጫወተው የሚረግጠው ነው።"

"መንጃ ፈቃድ ስታወጣ አስተማሪህ እግር ስር ሌላ ፍሬን አልነበረም?" አለችኝ ሃፊዛ። እሷም እንደሱ፣ ሙግቷ ከእሱ ጋር ሆኖ የምታናግረው እኔን ነው።

"ነበረ።"

"እኔ ተማሪ አይደለሁም" አለና ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወጣ።

ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ሳለ አንድ የምሥራች መጣ። ዓመት ሙሉ ደጅ ስንጠናበት የኖርነው የወጣት ማዕከል አዳራሽ ለአንድ እሁድ ከሰዓት ተፈቀደልን። የራሳችንን ዘፈኖች፣ የራሳችንን ሮክ ለሰፈራችን ሰው ልንጫወት ነው። ናዝራዊት ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ፍቅሬ ግን እግሩን ብቻ አየ፤ ያን ጊዜ ኩራት መስሎኝ ተናደድኩበት።

አዳራሹ ተፈቅዶ ብዙም ሳይቆይ ዓለም ባንክ አንድ ሠርግ ተጫወትን። በእኛ ሠርግ ደስ ያለው ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ይጨፍራል፣ ዘፋኙና ተጫዋቹ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ወግ ነው፣ ማንም አይከለክለውም። የሙሽራው አጎት ጋሽ ደበላ ወጡ፤ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ሽማግሌ ናቸው። የናዝራዊትን ግንባር ሸለሙ፣ ቀጥለው የፍቅሬን። ከዚያ እስክስታ ሲጀምሩ ጫማቸው የሚያሻክረውን ፔዳል አገኘው። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቢላዋውን ይዘው ነበር፤ ጊታሩ ሲያጓራ ሙሽራይቱ ቢላዋውን ለቀቀችው፣ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ደበላ ጩኸቱ ለክብራቸው የተለቀቀ ስለመሰላቸው ይብሱን ጋሉ።

እኔም እየሳቅኩ ነበር። ወዲያው ግን የጋሽ ደበላ ተረከዝ የፍቅሬ ቀኝ እግር ላይ ሲያርፍ አየሁ። ሙሉ ክብደታቸውን እዚያ ላይ ጥለው ትከሻቸውን ሰበቁ። ፍቅሬ ብሩ እንዳይወድቅበት ቀና ብሎ ስለነበር ወደ ታች አላየም። ፊቱ አልተለወጠም። እግሩን አልነጠቀም። እሳቸውን እያየ ፈገግ ብሎ ይጫወታል። ያን የሚያህል ሰው ቆሞበት ሰው እንዴት ፈገግ ይላል? ምቱ ከእጄ ጠፋ፣ ናዝራዊት ዞራ ገላመጠችኝ።

ዕቃ ጭነን ስንጨርስ ሚኒባሱ ውስጥ አስቀመጥኩትና "ጫማህን አውልቅ" አልኩት።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"አውልቅ አልኩህ።"

አወለቀ። ከጫማው ሶል ዘልቆ የገባ ምስማር ነበር፤ ካልሲው በደም ደርቋል። መቼ እንደወጋው አያውቅም። የሌላ ሰው እግር የሚያይ ይመስል አየው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። ስኳር እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል። ኪኒኑን ሲያስታውስ ይውጣል። ከክረምት ወዲህ ግን እግሩ መሬት አይሰማውም፤ ጥጥ የረገጠ ይመስለዋል። ፔዳሉን እያየ ካልረገጠ እግሩ የት እንዳለ አያውቅም፤ እያየም ይስታል።

"ለምን ሐኪም ቤት አልሄድክም?"

"አጎቴን እግሩን ቆረጡት" አለ። "እኔንም ከቆረጡኝ እግሬም ጊታሬም ባንድ ቀን አለቀ ማለት ነው። ይቺን እሁድ ልጫወትና የመጣው ይምጣ ብዬ ነው።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ይህንን በስድብ አጅቤ ነገርኩት፤ ያልሰደብኩት ነገር የለም። ሳልሰድበው ብቀር አለቅስ ነበር።

በነጋታው እሱንና ባለቤቱን ብርቅዬን ጭኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። እሷም አታውቅም ነበር። እሱን አስገብተው እኛን ውጪ አስቀሩን። ብርቅዬ መቀነቷን እየፈታች ታስራለች፣ እኔ አንዴ ቁጭ አንዴ ብድግ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ጠራችን። ቁስሉ አጥንት ላይ አልደረሰም። ጸድቷል፣ በደንብ ከተጠበቀ ይድናል፤ እግሩ አይቆረጥም። የጠፋው ስሜት ግን ላይመለስ ስለሚችል ሰፊ ጫማ ያድርግ፣ ማታ ማታ እግሩን ይመልከት፣ በዚያ እግር ምንም ነገር ጫን ብሎ እንዳይረግጥ አለች። ብርቅዬ ከመሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ግድግዳውን ተደግፌ እፎይ አልኩ።

"ፔዳል መርገጥስ?" አለ ፍቅሬ።

"ብስክሌት ይነዳሉ እንዴ?" አለች ሐኪሟ።

የዚያኑ ዕለት እያነከሰ ሃፊዛ ሱቅ ገባ። ሰላምታም ሳያስቀድም "ገመዱን ዘርጊው" አላት። እኔ "ብዬህ አልነበር?" የምትለው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እግሩን አሳየኝ አለችው፣ ካየች በኋላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ገመድ መፈለግ ጀመረች። ገመዱ ዓይኗ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፣ ግን ብዙ ቆየች።

ልምምዱ ጉድ ነበር። ፍቅሬ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ሃፊዛ ጎን ላይ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ ትጫናለች። ዘፈኑን እንደ ቁርኣን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ቦታው ሲደርስ ትጫናለች። እሱ ግን ዛሬ እዚህ ያሻከረውን ነገ እዚያ ያሻክረዋል፤ የሙዚቃ ሰው እንዲህ ነው። "ቀደምሽኝ" ይላል። "አንተ ነህ የዘገየኸው" ትላለች። "ድምፁ የኔ አይደለም" ይላል። ሳምንቱ እንዲህ ሲያነታርከን አለፈ። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሳደርሰው የሚኒባሱን በር ይዞ ቆመና "ከነገ በኋላ ይበቃኛል ቀጄላ፣ ሌላ ጊታሪስት ፈልጉ" አለኝ። ቀልዱን እንዳልሆነ ድምፁ ይናገር ነበር። ማርሽ አስገባሁና ሄድኩ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። የሰፈር ወጣት፣ ከእንጨት ሥራ ቤቱ የመጡ አናጢዎች፣ ፊት ለፊት ብርቅዬ ከእህቶቿ ጋር። ፍቅሬ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ሰፊ ጫማውን ከፊቱ ባዶ ወለል ላይ አሳረፈ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች እንደ ልምምዱ ሄዱ፤ አልከፉም፣ ግን ነፍስ አልነበራቸውም። ቀጥሎ ጊታሩ ለብቻው የሚጫወትበት ዘፈን መጣ። ፍቅሬ የተለማመድነውን ተጫወተና ማቆሚያው ላይ ሲደርስ አላቆመም። ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ፤ ስንብት መሆኑ ገባኝ። ናዝራዊት ምን እናድርግ በሚል ዓይን አየችኝ። ምቱን ያዝኩ።

ያን ጊዜ ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ብድግ አለና ባዶው ወለል ላይ ቀስ ብሎ አረፈ፤ የድሮ ልማዱ ነው። በዚያችው ቅጽበት ጊታሩ አጓራ።

ፍቅሬ ዓይኑን ገለጠ። እግሩን እንደገና አንስቶ ወደ ግራ አሳረፈ፤ ድሮ የሚያስተጋባው ፔዳል የነበረበት ቦታ ላይ። ድምፁ አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ። ወደ ጎን አየ፣ እኔም አየሁ። ሃፊዛ ሁለት እጇን ከሳጥኖቹ በላይ አንስታ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ ከበርጩማው ሥር እግሩን ታያለች። ሌላ ምንም አታይም። ፍቅሬ እግሩን አነሳና በአየር ላይ ይዞት ቆየ። እጇ በአየር ላይ ቆየ። እኔም ዱላዬን ሳላወርድ ቆየሁ። እግሩን ሲያሳርፍ ሦስታችንም ባንድ ላይ ወረድን፣ ያ አዳራሽ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ብድግ አለ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን አልረሳውም። ፍቅሬ በሚያሻው ቦታ ይረግጣል፣ በረገጠበት ሁሉ ድምፁ ይመጣል። ደስታው ከእጁ እየወጣ ይታይ ነበር። የራሱ ድምፅ ነበር፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ለዓመታት የሰማሁት፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የናፈቀኝ ድምፅ።

ስንጨርስ ብርቅዬ መጥታ እግሩን ሌላ በርጩማ ላይ አሳረፈችለት። ሃፊዛ ገመዷን መጠቅለል ጀምራ ነበር።

"ዛሬ ዘፈኑን አልተከተልሽም" አላት።

"ዘፈኑን ስከተል ሳምንቱን ሙሉ አልነበር የጮህክብኝ? ዛሬ እግርህን ነው ያየሁት።" ትንሽ ጠቅለል አደረገችና ጨመረች። "አንድ ቦታ ላይ ግን ዘግይተሃል። አልጠበቅኩህም።"

"የቱ ጋ?"

"አልነግርህም።"

ፍቅሬ ትንሽ አሰበ። ሊያገኘው አልቻለም። ከዚያ ከልቡ ሳቀ፣ ብርቅዬም አብራው ሳቀች፣ እኔ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የት እንደገባ አላውቅም። ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ዚፑን ዘጋ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"ቀጄላ፣ ማክሰኞ ልምምድ አለን አይደል?"

"አለን" አልኩት።