ከውጭ የተቆለፈ ሱቅ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጓጉንቸር የሚሸጠውና ቁልፍ የሚቀርጸው ኢስሃቅ ስለ ዕቃው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ገበያ ያባርራል።

«ይኼ ጠንካራ ነው?»

«አይደለም።»

«ይኼስ?»

«ያው ነው። የሚለየው ቀለሙ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ሌባ ለማይመጣበት ቤት ይሆናል።»

ከጎኑ ባለው ሱቅ ጃንጥላና ሻንጣ የሚጠግነው አጥናፉ ይህን ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ይስቃል። ተወልዶ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው፤ ሰውን ሳይተርብ የዋለበት ቀን ካለ የታመመበት ቀን ነው። «አንተን ነጋዴ ያደረገህ ሰው ተሳስቷል» ይለዋል። «ዳኛ ነበር ማድረግ። ግን ዳኛ ብትሆን ደግሞ ራስህን ታስር ነበር።»

ቀልድ ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ አንድ ባል የሚስቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ አምጥቶ ተመሳሳዩን እንዲቀርጽለት ቢጠይቀው፣ ኢስሃቅ «እሷ ትምጣና ትንገረኝ» ብሎ መለሰው። ሰውየው ሲሳደብ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ክርክር ሲነሣ «ኢስሃቅ ይጠየቅ» ማለት ልማድ ሆነ። ኢስሃቅ ያለው ነገር እንዳለው ነው፣ ሌላ ምስክር አይፈለግም።

ሚስቱ አስማ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ቤሩት ሄዳ አልተመለሰችም። አንድ ልጃቸውን መይሙናን ያሳደገው እሱ ነው። መይሙና በሃያ ዓመቷ ዘፋኝ ልትሆን እንደሆነ ስትነግረው፣ ብዙ አባት እንደሚያደርገው አልጮኸም። ቁልፍ እየሞረደ ነበር፤ ሞረዱን አስቀመጠ።

«ሥራ ነው?» አላት።

«ሥራ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ሰዓት አክብሪ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የሚያነሣው ክረምት ሲገባ ብቻ ነው፤ እሱም አንገቷን በሻርፕ እንድትሸፍን ለመንገር። አጥናፉ ግን ደስ አለው። «አባት ቁልፍ ይቀርጻል፣ ልጅ ድምፅ ትቀርጻለች። ቤተሰቡ ከማሽን አይወጣም» አለ።

መጀመሪያ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር በቡድን ትዘፍን ነበር። አንድ ዘፈናቸው አንድ በጋ ሙሉ በየታክሲው ተሰማ፤ ከዚያ አንዷ አገባች፣ ሌላዋ አስተናጋጅ ሆና አውሮፕላን ላይ ወጣች፣ ቡድኑም ፈረሰ። መይሙና ለስምንት ዓመት ያህል ተቀባይ ሆነች። ዋናው ዘፋኝ አንድ ስንኝ ሲጥል ከኋላ ሆነው የሚመልሱት ድምፆች አሉ፤ ከእነሱ አንዷ እሷ ነበረች። ድምፅዋን የማያውቅ የለም፣ ፊቷን የሚያውቅ ደግሞ የለም። አንድ ቀን ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ራሷ የተቀበለችበት ዘፈን ሲከፈት አብራ ታንጎራጉር ጀመር። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው «እህቴ፣ እባክሽ ዘፈኑን አታበላሺብን» አላት። ይህን ታሪክ ራሷ ነች የምታወራው።

በሠላሳ ዓመቷ የራሷን አልበም ልትሠራ ተነሣች። ሦስት ዓመት ፈጀባት። ግጥሙንም ዜማውንም ከማንም አልገዛችም፤ አሥራ አንዱም ዘፈን ስለ ራሷ ሕይወት ነው። አንዱ ስለ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ጫማዋ ነው። ሌላው ስድስት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ አራት ቫዮሊን አለበት፣ ምቱ ደግሞ ከአባቷ ሱቅ የቀዳችው የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ድምፅ ነው። አቀናባሪዋ ኢዩኤል ስቱዲዮው አምስት ኪሎ፣ አሳንሰር በማይሠራበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራውን ይወደዋል፤ ግን ይጨነቃል።

«አሥራ አንድ ዘፈን፣ አንድም የፍቅር የለበትም» ይላት ነበር። «ሰርግ ላይ ምኑን ይጫወቱታል?»

«ሰርግ የራሱ ዘፈን አለው።»

«ማሽኑስ? ሰው ስልኩ የተበላሸ እንዳይመስለው።»

«ይለምደዋል።»

የመጨረሻው ዘፈን «ከውጭ» ይባላል፤ የአልበሙም ስም እሱ ነው። መይሙና ይህን አንድ ዘፈን አባቷ እሺ ሳይል እንደማታወጣው ለራሷም ለኢዩኤልም ቃል ገብታ ነበር፤ የሚናገረው ማንም የማያውቀውን የኢስሃቅን ነገር ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአረፋ በዓል ሲደርስ ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ይሄዳሉ። በዚያ ሰሞን የተዘጋ ሱቅ ያየ ሰው «አገር ቤት ሄዷል» ብሎ ያልፋል፤ ሌላ ጥያቄ የለም። በ1993 ዓ.ም. አስማ በጎረቤት ስልክ ደውላ እንደማትመለስ ለኢስሃቅ ከነገረችው ሁለት ወር ሳይሞላ አረፋ መጣ። ያለ ሚስቱ ሄዶ «አስማስ?» ለሚሉት ዘመዶቹ የሚመልሰው አልነበረውም። ስለዚህ ለአገር ቤት ታምሜያለሁ ብሎ ላከ፤ ለመንደሩ ደግሞ እንደ ወትሮው አገር ቤት መሄዱ ነው ብሎ ተሰናበተ። መይሙናን ትምህርት ስላለባት ጎረቤት ዘንድ አስቀመጣት። ሻንጣውን ይዞ ከቤት ወጣና ሱቁ ገባ።

የተዘጋ ሱቅ ለመምሰል ግን ጓጉንቸሩ ከውጭ መንጠልጠል አለበት። የቆለፈችበት መይሙና ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በየቀኑ ሲነጋጋ ሻይና ዳቦ ይዛ መጥታ ትከፍትለታለች፣ ጥቂት ወጣ ብሎ ይመለሳል፣ ሌሎቹ ሱቆች ሳይከፈቱ ቆልፋበት ቁልፉን ኪሷ ከታ ትሄዳለች። አምስት ቀን እንዲህ ሆነ።

አልበሙ የሚለቀቀው ሐሙስ ሰኔ 23 ቀን 2014 ነበር፤ ለአረፋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው። መይሙና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘፈኑን በስልኳ ይዛ ሱቁ መጣች። ኢስሃቅ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ሰማው። «ድገሚው» አላት። ደገመችለት። ማዳመጫውን አውልቆ ሽቦውን በጥንቃቄ ጠቀለለው።

«ጓጉንቸሩ ትልቅ አልነበረም። ባለ ሃምሳ ሚሊሜትር ነው።»

«ግጥም ነው፣ አባዬ።»

«ግጥም ውስጥ ሃምሳ ሚሊሜትር አይገባም?»

«አይገባም።»

«እሺ። በሩ ሰማያዊ አልነበረም። ሰማያዊ የተቀባው በኋላ ነው። ያኔ አመድማ ነበር።»

«አመድማ ይገባል።»

«ቴርሞሱን ያመጣሽው በፌስታል ነው። ቅርጫት ከየት አመጣሽ? ቅርጫት አልነበረንም።»

መይሙና ሁሉንም ጻፈች፤ ዋናውን እስኪያነሣ ጠበቀች። አላነሣም።

«ይውጣ ወይ?» አለችው በመጨረሻ።

«እስከ ረቡዕ ጊዜ አለሽ አይደል?»

«ካልፈለግህ ይቅር፣ አባዬ። አሥር ዘፈን ይበቃል።»

«ስሙስ? የአልበሙ ስም ከዚህ አይደለም እንዴ የተወሰደው?»

«ሌላ ስም እናወጣለታለን።»

«በሦስት ዓመት ያልወጣ ስም በአራት ቀን ይወጣል?» አለና አንድ ደንበኛ የሰጠውን ቁልፍ አንሥቶ ማሽኑ ላይ አሰረ። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ከእሱ መልስ መጠበቅ ከንቱ መሆኑን መይሙና ታውቃለች።

ኢስሃቅን ያስጨነቀው ዘፈኑ አልነበረም፤ አጥናፉ ነበር። በዚያ በ93ቱ አረፋ አጥናፉ፣ ጎረቤቴ አገር ቤት ነው ብሎ፣ ሥራ ባልበዛበት ሰዓት ወንበሩን የኢስሃቅ በር ላይ አውጥቶ ሱቁን ሲጠብቅ ነበር የሰነበተው። ኢስሃቅ በስድስተኛው ቀን «ሲመለስ» ከመርካቶ የገዛውን አንድ ኪሎ ቅቤ የአገር ቤት ነው ብሎ በምስጋና ሰጠው። አጥናፉ ያን ቅቤ እስካሁን ያነሣዋል። በሕይወቱ አንድ ሐሰት ተናግሯል ከተባለ ኢስሃቅ የተናገረው ያን ነው፤ ሐሰቱ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በየአረፋው ይመሰገንበታል።

እሑድና ሰኞ አለፉ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም ሻያቸውን ይዘው በራቸው ላይ እንደተቀመጡ ኢስሃቅ ጀመረ።

«የ93ቱን አረፋ ታስታውሳለህ?»

«ያ ቅቤ ያመጣህልኝ ዓመት።»

«ቅቤው ከመርካቶ ነው።»

አጥናፉ ትንሽ አሰበ። «መርካቶም ከአገር ቤት ነው የሚመጣው።»

«አገር ቤት አልሄድኩም ነበር።»

«እና የት ነበርክ?»

ኢስሃቅ በአገጩ ወደ ሱቁ ጠቆመ። «እዚህ ውስጥ።»

«መቼ?»

«አምስቱንም ቀን።»

አጥናፉ ዞር ብሎ በሩን አየው። «እኔ እኮ እዚህ ተቀምጬ ነበር።»

«አውቃለሁ። ስታወራ እሰማህ ነበር።»

«ምን ስል?»

«ብዙ ነገር። ስለ እኔ ክፉ አላልክም።»

«ማነው የቆለፈብህ?»

«ልጄ፣ ሙና።»

«ሕፃን ነበረች።»

«አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።»

አጥናፉ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ አጠገብህ እያለሁ በሕፃን ታስቆልፋለህ?» አለ። «እኔ ነኝ የማላስተማምን?» አጥናፉ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሱቁ ገባ። ያን ቀን ሙሉ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ሲያሰማ ዋለ። ረቡዕ ጠዋት ወንበሩን በዚያኛው ወገን፣ ቀጥላ ባለችው ፍራፍሬ ሻጭ በኩል አደረገው። ለደንበኛ እንኳ አልቀለደም፤ ጃንጥላ ይቀበላል፣ ጃንጥላ ይመልሳል።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢስሃቅ ለመይሙና ደወለ። እሷ ስቱዲዮ ሆና ስልኩን ከፊቷ አስቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ለአጥናፉ እንደነገረውና አጥናፉ እንዳኮረፈው አወራላት።

«ጋሽ አጥናፉ እንዲህ ከሆኑ በቃ ይቅር» አለች።

«ከቀረ ደግሞ በከንቱ ነው የተኳረፍነው» አላት። ከዚያ ቀጠለ። «ሦስት ቀን ብለሻል።»

«የቱን?»

«ዘፈኑ ላይ። ሦስት ቀን ቆለፍኩበት ብለሻል።»

«ቀለል እንዲል ብዬ ነው፣ አባዬ። አምስት ሲባል ይከብዳል።»

«ቢከብድም አምስት ነው።»

መይሙና ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ አየችውና መለሰችው። «ይውጣ እያልክ ነው?»

«አምስት ከተባለ ይውጣ» አለና ደንበኛ መጣ ብሎ ዘጋው።

ኢዩኤል ጭንቅላቱን ያዘ። «ነገ ጠዋት ነው እኮ የሚለቀቀው። በሩንና ፌስታሉን ሰኞ አስተካክለናል፤ አሁን ደግሞ ለሁለት ቀን ልዩነት እንደገና ልንቀዳ?»

«ለሁለት ቀን ልዩነት» አለችው፤ ወደ መቅጃው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። አምስት ቀን ብላ ዘፈነችው። በመጀመሪያው ድምፅዋ ተሰበረ፣ በሁለተኛው ፈጠነች፣ በሰባተኛው ኢዩኤል በመስታወቱ በኩል እጁን አነሣ።

ሐሙስ አልበሙ ወጣ። ከተማው አልተናወጠም። እስከ ቀትር ድረስ ጥቂት ሺህ ሰው ሰማው። ከፒያሳ ስልክ ሻጮች አንዱ የስድስት ደቂቃ ተኩሉን ዘፈን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ፣ የማሽኑ ድምፅ ሲመጣ መሣሪያው የተቃጠለ መስሎት አጠፋው፣ ከዚያ ተነግሮት መልሶ ከፈተው። ማታ የኢስሃቅ ታላቅ ወንድም ከቡታጅራ በኩል ደወለ።

«ሰምተነዋል» አለ። «ዘንድሮ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«በቃ።»

ዓርብ ጠዋት አጥናፉ ስልኩን በእጁ ይዞ የኢስሃቅ ባንኮኒ ፊት ቆመ። ሦስት ቀን ያጠራቀመው ነገር እንዳለው ከአቋቋሙ ያስታውቃል።

«በሩ አመድማ ነበር፤ ትክክል» አለ። «አምስት ቀን፤ ይሁን። ዳቦውም ይሁን። ውጭ የተቀመጠው ሰውዬ የታለ?»

«ሙና አንተን ላለማስቀየም ብላ ነው የተወችህ።»

«ተቀይሜያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ማክሰኞ የተቀየምኩት ሌላ ነው፣ ይኼ ሌላ ነው። አገር የሚሰማው ዘፈን ላይ አንድ ሰው አምስት ቀን በነፃ ዘብ ቆሞ ስሙ አይነሣም?» ወንበሩን ጎትቶ ወደ ጥንቱ ቦታ መለሰውና ሻይ ለምታመጣላቸው ልጅ ሁለት ጣቱን አሳያት። «በል ንገረኝ። ምን ምን ሰማኸኝ?»

ኢስሃቅ ከሰማው ውስጥ የሚያስታውሰውን አንድ በአንድ ነገረው። አጥናፉ አንዳንዱን ካደ፣ አንዳንዱ ላይ ሳቀ፤ አንዱን ደግሞ ፍራፍሬ ሻጯ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲነግረው ጠየቀው።

በሳምንቱ ሐሙስ ኢስሃቅ ሱቁን ዘግቶ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ አጥናፉም ዘግቶ ተከተለው። «በዓይኔ ሳላይ ሁለተኛ አላምንህም» አለ። መኪናው ሞልቶ እስኪነሣ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ዝናቡ ይወርዳል፤ አጥናፉ አንድ ዘንጉ በተሰበረ ጃንጥላ ሥር ከመስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«ሂድ በቃ፣ እግርህ ራሰ» አለው ኢስሃቅ በመስኮቱ።

«መኪናው ይንቀሳቀስ።»

«ሰው ሁሉ እያየን ነው።»

«ይየን። ምስክር ይበዛልኛል።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። አጥናፉ ከመናኸሪያው በር እስኪወጣ ድረስ ከጎኑ ተራመደ፤ አስፋልቱን ይዞ ወደ ደቡብ ሲዞር አይቶ፣ ጃንጥላውን አስተካክሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።