የኤፌሶኗ ሳንቲም

አሜሪካ፣ ፎረስት ፓርክ በምትባል ከተማ፣ ከቤታችን ቀጥሎ የሚኖሩት አሜሪካዊ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። የነሐስ ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ የግሪክ ከተሞች በሮም ስር ሆነው ለራሳቸው ገበያ ያሠሩት የነበረውን። ልጄ እየሄደች ማየት ስለምትወድ አንዱን ሰጧት። አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ትንሽ ነገር ነው። በአንድ በኩል የሮማው ንጉሥ ራስ፣ በሌላው የኤፌሶን ከተማ ጣዖት አለችበት።

እናቴ ያኔ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታ ነበር። «ይቺ ሴት ማናት?» ብላ ልጄን ጠየቀቻት።

«አርቴሚስ፣ ፍሮም ኤፈሰስ» አለች ልጄ።

እናቴ ጴንጤ ናት፤ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችውን ጣዖት፣ የኤፌሶኗን አርጤምስ፣ ከስብከት ታውቃታለች። ሳንቲሙን ጋርቤጅ ውስጥ ጣለችው። እኔ ከልጄ የሰማሁት የቆሻሻ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌው በር አንኳኩ። ለሳንቲሙ ማስቀመጫ የምትሆን የመስታወት ሣጥን ይዘው መጥተዋል። ልጄ አንገቷን ደፍታ በእንግሊዝኛ እውነቱን ነገረቻቸው። ፊቴ ጋለ።

«እናቴ ምን እንደሆነ ስላላወቀች ነው» አልኳቸው።

«አውቃለች» አሉ ቀስ ብለው። «ስላወቀች ነው የጣለችው።»

እናቴ ከሶፋው ላይ በፈገግታ «ምን አሉ ጋሼ?» አለችኝ።

«ሰላም እያሉሽ ነው» አልኳት።

ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ልጄ አየችኝ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም መዋሸቴን የሰማች እሷ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

ነጠላዋን አነሳች። «ውሰጂኝ» አለች። «የምለውን ግን እንዳለ ንገሪያቸው።»

በራቸው ላይ ቆመን እንዲህ አለቻቸው፦ «ጋሼ፣ ቤቴ ውስጥ አላኖራትም ነበር። ግን የእርስዎ ንብረት ነው፤ በእጅዎ መመለስ ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሽማግሌው እጇን ጨበጡና አስገቡን። እናቴ ሌሎቹን ሳንቲሞች ሳትነካ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ አየች። እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እናቴ ወደ አገር ቤት ከተመለሰች ቆይቷል። ሽማግሌው ዛሬም ሣራቸውን እያጨዱ ሲያዩኝ እጃቸውን ያነሳሉ። እኔም አነሳለሁ፤ ከዚያ የቸኮልኩ መስዬ ቶሎ መኪናዬ ውስጥ እገባለሁ።